አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ መቶ ስልሳ አምስት ዓመት

ላምብሮስ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። መንደሩ ሁሉ የልጅህ የሸሪል ነው ይላል። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ያንተ ነው ብያለሁ።

ሰላምታ ሳያስቀድሙ ነገር መጀመር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰላምታውም ይኸውልህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለፈው ስኳር ተገኘብኝ ብለህ ነበር፤ ጣፋጭ ነገር ተው። ሚስትህ ዶሪስ ጤናዋ እንዴት ነው? ያ የስንዴ አገራችሁ ካንሳስ ዘንድሮ ዝናብ አገኘ ወይስ እንደ አምናው አረረ? እኔ እህትህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞታል፣ ግራ ዓይኔ ይጋረድብኛል፣ ከዚህ ሌላ እግዚአብሔር ይመስገን። ከፍየሎቹ አራት ቀርተውልኛል። የበለሱ ዛፍ አንዱ ቅርንጫፉ በበረዶ ተሰበረ፤ ሌላው ግን አፍርቷል።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። አስተማሪው ፓንዴሊስ በሕይወት ሳለ እኔ እየተናገርኩ እሱ ይጽፍልህ እንደነበር ታውቃለህ። ሲሞት ሚስቱ ረቂቆቹን ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔም በስድሳ አምስት ዓመቴ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ክረምት ሲቀረው፣ ከአምስት ሕፃናት ጋር በዚያች አጭር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩና አነበብኳቸው። እኔ «ዘንድሮም ሳይመጣ ቀረ፣ እግሩ ይሰበር» ስል እሱ «ናፍቆትህ በርትቶብናል» ብሎ ይጽፍ ኖሯል። ሠላሳ አምስት ዓመት ማር የተቀባ ደብዳቤ ሲደርስህ ኖረ። ይሄኛው አልተቀባም።

እናታችን ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ የተናገረችውን ያን ጊዜ አስጽፌልህ ነበር። ምናልባት እሱንም ለስልሶት ይሆናል፤ ስለዚህ አሁን እንዳለችው እጽፈዋለሁ። «ስታማታ፣ አጽሜን ስታወጡ የራስ ቅሌን ላምብሮስ ያንሳው። እሱ ሳይመጣ እንዳትከፍቱኝ» ነው ያለችው። ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም።

ሙት በሦስት ዓመቱ እንደሚወጣ፣ አጽሙ በወይን ጠጅ ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ከአባቶቹ ጎን እንደሚቀመጥ ለአንተ አልነግርህም። የአያታችን ሲወጣ የወይኑን ማሰሮ የያዝከው አንተ ነበርክ። እንግዲህ የእናታችን ሦስት ዓመት ሞላ፣ አልመጣህም። አምስት ሞላ፣ «በሚቀጥለው በጋ» አልክ። ሰባት ሞላ፣ «የዶሪስ እናት ታመመች» አልክ። ዘጠኝ ሞላ። ምንጩ ጋ ሴቶቹ እንስራቸውን እየሞሉ «ምስኪን፣ አፈሩ ከበዳት። ልጇ በአውሮፕላን የሚመጣበት መንገድ ጠፋው» ይሉኝ ነበር። እኔ ማሰሮዬን አንስቼ ሽቅብ እሄዳለሁ።

በነሐሴ አንተ ሳትሆን ልጅህ መጣች፤ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዛ። «አባዬ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ግን አጽሟ እንዲወጣ ፈርሟል» አለችኝ። ፊርማ ራስ ያነሳል እንዴ፣ ላምብሮስ?

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ይህን የምለው ወድጃት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። በመጣች ማግስት የዶሮ ቤቴ በር ጉበን ላይ የተቀረጸውን 1784 የሚል ቁጥር አይታ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። በእናንተ ከተማ መቶ ዓመት የሞላው ቤት የነሐስ ጽሑፍ እንደሚለጠፍበትና ሰው ሊያየው እንደሚሰለፍ ነገረችኝ። «እንግዲያማ ዶሮዎቼ ትኬት ይቁረጡ» አልኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ አልክድም። ነገር ግን ያው ጉበን ለምን አንድ ጎኑ እንደጠቆረ፣ ማን እንዳቃጠለው ስነግራት እጇን አወናጨፈች። «አክስቴ፣ እሱ እኮ ድሮ ነው» አለች። ድንጋይ ሲያረጅ ትወዳለች፤ ደም ሲያረጅ ግን የለም ትላለች።

በመኪናዋም እንደዚያው ናት፤ ለእሷ ሩቅ የሚባል ነገር የለም። በአራት ቀን ውስጥ ገዳሙንም፣ ሁለት ከተማንም፣ ባሕሩንም አይታ ለራት ትመለስ ነበር። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባሕር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ አንተን ወደ መርከብ ስሸኝ።

ከዚያ የእኛን የአጽም ቤት ላሳያት ወሰድኳት። አምና በበረዶው ጣራው በአንድ ጥግ ወርዷል፤ አባቶቻችንን ወደ ደረቁ ጎን አሽሽቻቸዋለሁ። ሣጥኖቹም ሁሉ የእንጨት አይደሉም፤ በጦርነቱ ዘመን የሞቱት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ስማቸው በቀለም ተጽፎባቸዋል። ሸሪል ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አያቴ እዚህ ነው የምትገባው?» አለችኝ። ሌላ የት ትግባ አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ መሰለኝ፤ እዚህ ላይ እኔም ሞኝ ነበርኩ።

አውቶቡሱ ማክሰኞ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ረቡዕ ይወጣል። ሣጥኑን፣ ነጩን ጨርቅና የንፍሮውን ስንዴ ልገዛ ማክሰኞ ተነሳሁ። ሸሪል በመኪናዬ ላድርስሽ፣ ለምሳ እንመለሳለን አለችኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዘፈን በተከፈተበት መኪና አይመጣም ብዬ እምቢ አልኩ። የአጎታችን ልጅ ቤት አድሬ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን በጀርባዬ አዝዬ ከአውቶቡስ ስወርድ ጎረቤቴ ሶፎክሊስ ቡና ቤቱ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ለእኔ ባርኔጣ አውልቆ አያውቅም።

«ስታማታ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

ልጅህ ለካ ማክሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው እንዳለፈ፣ ማዶ ዞሪያና መንደር ሄዳለች። ያ ለሁለታችን መንደር የተመደበው ወጣቱ ቄስ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ከሜዳ አገር የመጣ ልጅ ስለሆነ ምንም አያውቅም። የዞሪያና ሰዎች ደግሞ አዲስ የአጽም ቤት በእብነ በረድ ሠርተዋል። ወረቀቱን አሳየችው፤ ሁለት ቆፋሪ ሰጣት፤ እናታችንን አውጥተው፣ ወደዚያው ወስደው፣ እዚያው አጥበው፣ እዚያው አስቀመጧት። የእኛ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ኋላ ለምን ዝም አላችሁ ብላቸው «ልጅየው ፈርሞ እኛ ምን አገባን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሸሪል ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። «አክስቴ፣ አለቀ! አንቺ እንዳትደክሚ ብዬ ነው። መስኮት አለው፤ ሸለቆው ይታያል፣ መንደራችንም ይታያል። ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«በምን?» አልኳት።

«በመኪና።»

«በማን መኪና?»

በማግስቱ ለመንገዷ እንቁላል ቀቅዬ ቋጠርኩላት፤ እንግዳ ናትና። ጉንጯን ግን አልሳምኩም።

ስለ ዞሪያና ለሌላ ሰው ብጽፍ ኖሮ ማብራራት ነበረብኝ። አንተ በሰባት ዓመትህ በበቅሎ ነጂዎቻቸው ላይ ድንጋይ ስትወረውር አባታችን ጆሮህን ያልቆነጠጠህ ለዚያች አንዲት ጥፋት ብቻ ነበር። መቶ ስልሳ አምስት ዓመት ሆነው። በዚያ መኸር የፍየሉን መንገድ ለቱርክ ወታደሮች አሳዩ፤ ከሰማንያ ቤት ሰባት ተረፈ። የአያታችን አያት በቅርጫት ውስጥ ሆና በገመድ ገደል ባትወርድ ኖሮ አንተም ካንሳስ አትኖርም፣ ልጅህም መኪና አትነዳም ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ የራሂዲ ሰዎች ሴት ልጅ አልሰጠናቸውም፣ አልወሰድንም፣ ውሃቸውን አልቀመስንም። እነሱም አሳየን ብለው አንድ ቀን አላመኑም። የሶፎክሊስ ሚስት ከሁለት ሸለቆ ማዶ መጥታ አርባ ዓመት ኖራለች፣ አምስት ልጅ ወልዳለች፤ ዛሬም «መጤዋ» ነው የምትባለው፣ ስትጠራም አቤት ትላለች። እሷ እንኳ ከወዳጅ መንደር የመጣች ናት። እናታችን ግን በሞተች በዘጠኝ ዓመቷ ተነቅላ ጠላት ቤት መጤ ሆነች።

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ፤ ለቅዳሴ ወደ እኛ ሲወጣ ጠብቄ። ትሑት ልጅ ነው፣ አቀርቅሮ ሰማኝ። «እማማ፣ በወንድ ልጇ ፊርማ የገባ አጽም ያለ ወንድ ልጇ ፊርማ አይወጣም» አለኝ። ለዚህ ነው ያን እሑድ ከቡና ቤቱ የደወልኩልህ። ዘጠኝ ወንዶች ካርታ የሚጫወቱ መስለው ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር፤ አንድም ካርታ አልወደቀም።

ያልከኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ረስቼው ነበር እንዳትል። «ስታማታ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው እኮ። እኔ ለምሳ አሥር እጥፍ እነዳለሁ።» ዞሪያና ነው አልኩህ። «እሱ የጥንት ታሪክ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሞቷል። በቃ ተዪው» አልክ። እናታችንም ሞታለች፣ እሷንም ልተዋት ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። የመለስክልኝን አላውቅም፤ ስልኩን ዘግቼው ነበር።

ሶፎክሊስ ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠና «አሜሪካ ሰው ርቆ ሄዶ የሚረሳበት አገር ነው፤ እኛ ደግሞ የትም ሳንሄድ የምናቄም ነን» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር።

አየህ፣ ሸሪል ላይ አልፈርድም ያልኩት ለዚህ ነው። እሷ የተወለደችው ከመሬቱ በቀር ሽማግሌ በሌለበት አገር ነው፤ ማን ይንገራት? ሰው ያልነገሩትን አያውቅም። አንተ ግን ከዚህች ድንጋይ ላይ ተነስተህ ነው የሄድከው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአጠገብህ አኑረህ አሳደግካት፤ ስለ በረዶው፣ ስለ አይቡ፣ ስለ በለሱ ነግረሃታል፤ ሁሉን ታውቃለች። ዞሪያና የሚለውን ስም ግን ከቄሱ ነው የሰማችው። ጣፋጭ ጣፋጩን አጉርሰህ መራራውን ባሕር ውስጥ ጣልከው። አስተማሪው ፓንዴሊስ ለአንተ እንዳደረገው አንተም ለእሷ አደረግህ።

ፊርማህን አልጠበቅሁም። ወይኑ ተለቅሞ እንዳለቀ፣ ባለፈው ሳምንት ዶሮ ሲጮህ፣ ባዶውን ሣጥን አዝዬ ወጣሁ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የሚባለው የመኪናው መንገድ ነው። እኔ የወረድኩት በፍየሉ መንገድ ነው። ያ መንገድ አሁንም አለ ላምብሮስ። ጥንት ውስጥ አይደለም፤ ከሶፎክሊስ የጎመን ማሳ በላይ ነው። ቁልቁለቱን በቂጤ ጭምር ወረድኩ፣ ወንዙን በድንጋይ ድልድዩ ተሻገርኩ፣ ዳገቱን አራት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ዞሪያና ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ሆና አልፋ ነበር። በሕይወቴ የዚያን መንደር አፈር ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ።

የአጽም ቤቱ በር ላይ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት መጥረጊያ ይዛ ቆማ ነበር። ዛፊሮ ትባላለች፤ ቀንዲሉን የምታበራው፣ ቁልፉንም የምትይዘው እሷ ናት። ብዙ አየችኝ።

«የራሂዲ ሴት ነሽ» አለች።

በምን አወቅሽ አልኳት።

«ምንጩን አልፈሽ መጣሽ፤ ከንፈርሽ ደርቋል፤ አልጠጣሽም። እዚህ ተጠምቶ የሚያልፍ ሌላ ሰው የለም።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች። ልጅህ አጽሙን በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ልታጥብ ነበር። ዛፊሮ መጀመሪያ የራሂዲን አጽም አልነካም ብላ ነበር። «እምቢ ብል ኃጢአት፣ እሺ ብል ኃጢአት። ቱቦውን ሳይ ግን መጥረጊያዬን ጣልኩት» አለችኝ። ከቤቷ ወይን አመጣች። ራሷን ማን አነሳው አልኳት። «ልጅቷ ፈራች። እኔ አነሳሁት» አለች።

እንግዲህ ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው። እናታችን ዘጠኝ ዓመት አፈር ውስጥ አንተን ጠብቃ ራሷን ያነሳው የዞሪያና እጅ ነው።

ዛፊሮ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወይኑን ከማፍሰሴ በፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። መንገዱን ያሳየው የእኛ ሰው ነው አልኳት። ስሙን እናውቃለን፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል፤ አንጠራውም እንጂ» አለችኝ።

ለመቶ ስልሳ አምስት ዓመት አባቶቻችን ይህን አንድ ቃል ለመስማት ጠብቀዋል። ቃሉ ሲነገር ከእኛ ወገን በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሷም ልጅህ ናት። ምን ታደርግ ነበር ብዬ ዛፊሮን ጠየቅኋት። «ፎቶ ታነሳ ነበር» አለችኝ።

ፎቶው ቤትህ ይኖር ይሆናል። ዓይንህን ገልጠህ እየው። ጥቁር የለበሰችው አሮጊት አፏ ተከፍቶ ታገኘዋለህ። እየጸለየች እንዳይመስልህ።

ዛፊሮ ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች። የቆርቆሮውን ሣጥን ከመደርደሪያው አውርዳ የእናታችንን አጽም ወደ እኔ ሣጥን አዛወርን፤ እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን። ራሷን ግን እንዳትነካው እጇን ያዝኩ፤ ገባት። ፊርማስ አልኳት። «እኔ ማንበብ አልችልም። ምን ወረቀት?» አለችኝ። ሣጥኑን ጀርባዬ ላይ ስታስር ገመዱ ትከሻዬን እንዳይበላኝ የራሷን ሻርፕ አጥፋ ከሥሩ አደረገችበት። በኩባያ ውሃ አመጣችልኝ። አልጠጣሁም። እሷም አልተቀየመችም፤ ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋችው። እስከ ድንጋይ ድልድዩ ሸኘችኝና እዚያ ቆመች። እኔም ተሻግሬ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደገና ማጠብ ነበር። ወይኑንም አዘጋጅቼ ነበር። ጨርቁን ገልጬ አንድ በአንድ አየሁ። ንጹሕ ነው። በጥርሶቹ መካከል እንኳ አፈር አልቀረም። ወይኑን መልሼ በማሰሮው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ከአባታችን ጎን አስቀመጥኳት። ሶፎክሊስና ልጆቹ ጣራውን በቆርቆሮ ደፍነውታል። ቄሱ መጣ፤ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ስለ ፊርማ አልጠየቀም፤ ፍትሐቱን አደረሰ። ራሷን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከአንድ ዳቦ አይከብድም ላምብሮስ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅንህ ለዚህች ነበር።

እንግዲህ ሚስትህ ዶሪስን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው የሱፍ ሹራብ ሞቆኛል። ልጅህ ራንዲን ሰላም በልልኝ፤ ባላውቀውም የአባታችንን ጆሮ ይዟል ይላሉ። ሁለቱን የልጅ ልጆችህን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ያንን ውሻህንም። ሶፎክሊስ ሰላም ብሎሃል፤ መጤዋም ሰላም ብላሃለች፤ እሷ አንተን አይታህ ባታውቅም። ለሸሪል ሰላምታዬን አታድርስ። ይልቅ ከፊትህ አስቀምጣትና ስለ ፍየሉ መንገድ ንገራት፤ ከቅርጫቱ ጀምር።

የሄድክ ቀን እናታችን ትርፉን ቁልፍ ከደጃፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አኖረችው፤ ሳይነግረን በድንገት ቢመጣ በር እንዳያጣ ብላ። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ዝገት እንዳይበላው በየፋሲካው ዘይት ስቀባው ኖርኩ። ትናንት ድንጋዩን አነሳሁና ወሰድኩት። ከእንግዲህ ወዲህ ቁልፍ ከድንጋዩ ሥር አላኖርም።

እህትህ ስታማታ
ራሂዲ፣ በቅዱስ ዲሜጥሮስ በዓል ዋዜማ፣ 1988